የመጀመሪያው የዌብ ሥራ ሲመጣ፦ የቱን እሺ፣ የቱን ይቅርብኝ?

ሐዋሳ ውስጥ ኮድ መጻፍ የጀመረ ልጅ ጥያቄ አያጣውም። ዘመድ «ኮምፒውተር ተምረህ የለ? ለሱቄ ዌብሳይት ሥራልኝ» ይላል። ጓደኛ «አፕ የሚያሠራ ሰው አግኝቻለሁ፣ ላገናኝህ?» ይላል። አፕወርክ (የውጭ አገር አሠሪዎች ሥራ የሚለጥፉበት ድረ ገጽ) ሲከፈት ደግሞ ሥራው ተደርድሯል፤ ግማሹ ምን እንደሚፈልግ እንኳ አይገባም። በዚህ መሀል ጀማሪው ወይ የመጣለትን ሁሉ እሺ ይላል፣ ወይ ፈርቶ አንዱንም አይነካም።

ብዙ ሰው ሥራ ሲመርጥ «ይሄን እችለዋለሁ ወይ?» ብሎ ይጀምራል። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን ሁለተኛ ላይ ነው መምጣት ያለበት። መጀመሪያ መታየት ያለበት ሥራው ማለቂያ ያለው መሆኑ ነው። ተንጠልጥለው የሚቀሩ የጀማሪ ሥራዎችን ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ኮዱ ከብዶ የቀረው ጥቂቱ ነው። ጽሑፍና ፎቶ የሚሰጥ ሰው ይጠፋል። ወሳኙ ማን እንደሆነ አይታወቅም። «ይሄንንም ጨምርልኝ» ማብቂያ ያጣል። ስለዚህ ከታች ያለው መመሪያ ከኮዱ ይልቅ ስለ አሠሪው ያወራል ብትሉኝ አልከራከርም።

1. የምትችሉትን በሦስት ክፈሉት

አንድ ወረቀት ውሰዱና ሦስት ዓምድ አስምሩ። «ሳላይ እሠራዋለሁ»፣ «እያየሁ እሠራዋለሁ»፣ «አልነካሁትም»። ዩቲዩብ ላይ ያየነውን ሁሉ የምናውቀው ይመስለናል። ራሳችሁ ሠርታችሁ፣ ኢንተርኔት ላይ ጭናችሁ፣ በስልክ ከፍታችሁ ያያችሁትን ብቻ በመጀመሪያው ዓምድ ጻፉ።

ዝርዝሩ አጭር ቢሆን አትደንግጡ። በስልክም በኮምፒውተርም በደንብ የሚታይ ገጽ፣ ካርታ፣ የመገናኛ ፎርም፣ የፎቶ ማሳያ፣ ትንሽ ወርድፕሬስ። ይህ ለፔንሲዮን፣ ለልብስ ስፌት ቤት፣ ለአስጎብኚ፣ ለመዋዕለ ሕፃናት ይበቃል። አምስት ገጽ ላለው የፔንሲዮን ድረ ገጽ ሪአክት (ውስብስብ ገጾች የሚሠሩበት የጃቫስክሪፕት መሣሪያ) የግድ አይደለም። ባለቤቱ ነገ ሌላ ሰው ቢያሠራ ተራው ኤችቲኤምኤል ወይም ወርድፕሬሱ ለተረካቢውም ይቀላል።

የምታሳዩት ነገር ከሌለ ሁለት ናሙና ሥሩ። አሞራ ገደል ያለ አንድ ዓሣ ቤት ድረ ገጽ ቢኖረው ምን ይመስል ነበር? ሥሩት፣ ጊትሃብ ፔጅስ ላይ በነፃ ጫኑት፣ ናሙና መሆኑንም ገጹ ላይ ጻፉ። ለሰው በነፃ ሠርቶ ከመንከራተት ይህ ይሻላል።

2. ሥራው ከየት እንደመጣ እዩ

ሥራ በሦስት በር ይመጣል፦ ከከተማው፣ ከቴሌግራም የሥራ ቻናሎች፣ ከውጭ አገር መድረኮች። የእኔ ምክር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሥራዎች ከከተማው እንድትወስዱ ነው። ያልገባችሁን ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ። የደንበኛው ደንበኛ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ክፍያውም በቴሌብር ወይም በባንክ ይመጣል።

የውጭው ጥሩ ነው፣ ግን ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። አፕወርክ ላይ ለሥራ ለማመልከት ኮኔክት የሚባል የማመልከቻ ነጥብ ይቆረጣል። የአንዱ ዋጋ 0.15 ዶላር ነው። 16 ኮኔክት የሚጠይቅ ሥራ 2.40 ዶላር ያስወጣል፤ አሠሪው ሌላ ሰው ቢመርጥ ብሩ ሄደ ማለት ነው። ሌላው መድረክ ፋይቨር ከምታገኙት 20 በመቶ ይወስዳል፤ የ50 ዶላር ሥራ እጃችሁ ሲገባ 40 ነው። ፔይፓል ደግሞ ከኢትዮጵያ ገንዘብ ለመላክ እንጂ ለመቀበል አይሠራም። «በፔይፓል ብቻ ነው የምከፍለው» የሚል አሠሪ ስታገኙ ጊዜ አታጥፉ።

ሰዓቱንም አስቡ። በበጋቸው ካሊፎርኒያ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ሲሆን ሐዋሳ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ስብሰባ ስትቀጥሩ በውጭው አቆጣጠር ጻፉ፤ «2 ሰዓት» ብላችሁ የምትጽፉት ለእነሱ ሌላ ሰዓት ነው። በየቀኑ ስብሰባ የሚፈልግ ሥራ መብራትና ኔትወርክ ለሚጠፋበት ቤት አይሆንም።

ከውጭ የምትወስዱ ከሆነ ትንንሹን ፈልጉ። የተበላሸ አቀማመጥ ማስተካከል፣ ያለቀ ዲዛይንን ወደ ኤችቲኤምኤል መቀየር፣ አንድ ገጽ በስልክ እንዲታይ ማድረግ። የአሠሪው መክፈያ መንገድ የተረጋገጠ መሆኑን፣ ከዚህ በፊት ሰው ቀጥሮ ያውቅ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንዳመለከተ መድረኩ ራሱ ያሳያችኋል። 50 ሰው ያመለከተበት ላይ 51ኛ መሆን ኮኔክት ማቃጠል ነው።

3. ስለ ኮዱ ሳይሆን ስለ ባለቤቱ ጠይቁ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። መናኸሪያ አካባቢ ፔንሲዮን ያላቸው አንድ አባት ዌብሳይት ፈለጉ እንበል። ቡና ቀርቧል፣ ወሬው እንዲህ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ዌብሳይቱ አልቆ ምን ሲሆን ቢያዩ ደስ ይልዎታል?»

«ሰው ከአዲስ አበባ ሆኖ ያየንና ደውሎ አልጋ ይይዛል።»

«የክፍሎቹን ፎቶ ከየት አገኛለሁ?»

«ፎቶማ ሞልቷል። ልጄ ጋ አለ።»

«ጽሑፉንስ ማን ያየዋል?»

«እሷው ናት። ካናዳ ነው ያለችው። እሷ ካልወደደችው እኔም ይቅርብኝ።»

ከዚህ ወሬ ሦስት ነገር አገኛችሁ። አንደኛ፣ ሰውየው የሚፈልጉት ስልክ እንዲደወልላቸው ነው። የተወሳሰበ አልጋ መያዣ ሲስተም አላሉም፤ በስልክ ስክሪን ላይ ጎልቶ የሚታይ የመደወያ ቁልፍ ይበቃቸዋል። ሁለተኛ፣ ፎቶው እጃቸው ላይ የለም። ሦስተኛና ዋናው፣ የምትሠሩት ለእሳቸው አይደለም። ወሳኟ ካናዳ ናት። ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት እሷን፣ እሳቸውንና እናንተን ያካተተ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈት። ሁለት ሳምንት ሠርታችሁ ስትጨርሱ «ልጄ ቀለሙን አልወደደችውም» ከመባል ያድናል።

አጠያየቁ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ወሳኙ ማን ነው?» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ያስቀይማል። ባለቤቱን በገዛ ቤታቸው «እርስዎ አይወስኑም እንዴ?» እንደማለት ነው። «ጽሑፉን ማን ያየዋል?» ሲባል ግን መልሱ በራሱ ይመጣል።

ኮሚቴ ያለበት ሥራ ከሆነ፣ ማለትም ትምህርት ቤት፣ ዕድር፣ ማኅበር ከሆነ፣ አንድ ተጠሪ በስም ይሰጣችሁ። አምስት ሰው አምስት ቀለም የሚመርጥበት ሥራ ለጀማሪ አይሆንም።

ሌላም ምልክት አለ። ከእናንተ በፊት ስለሠራው ልጅ መጥፎ ብቻ የሚያወራ አሠሪ ነገ የእናንተን ስም በተራው ያነሳል። «ቀላል ናት፣ አንድ ቀን አትፈጅብህም» የሚል ደግሞ አለ። አንድ ቀን እንደምትፈጅ ካወቀ ምነው ራሱ አልሠራት?

4. ሥራውን ቆራርጡትና ከዓምዳችሁ ጋር አስተያዩት

የፔንሲዮኑን ሥራ እንቀጥል። የተጠየቀውን ሁሉ በዝርዝር አስቀምጡና በእያንዳንዱ ፊት ዓምዱን ጻፉ።

- መግቢያ ገጽና «ስለ እኛ»፦ ሳላይ
- የክፍሎች ዝርዝር ከነፎቶው፦ ሳላይ
- ካርታ፦ ሳላይ
- የስልክ፣ የዋትስአፕና የቴሌግራም ቁልፍ፦ ሳላይ
- በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በሲዳምኛ፦ እያየሁ
- ኦንላይን አልጋ መያዣ ከነክፍያው፦ አልነካሁትም

ሕጉ ቀላል ነው። «አልነካሁትም» የተባለው ነገር ቢወጣ ቀሪው ብቻውን ይጠቅማል? ከጠቀመ፣ ያንን አውጥታችሁ ቀሪውን ውሰዱ። ካልጠቀመ፣ ማለትም የማታውቁት ነገር የሥራው እምብርት ከሆነ፣ ይለፋችሁ፤ ወይም የሚያውቅ ሰው ጨምሩና ተካፈሉ። «እያየሁ» የሚለው አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ጥሩ ነው፤ የምትማሩበት እሱ ነው።

አልጋ መያዣውን እንየው፤ ከውጭ ሲታይ ፎርም ብቻ ስለሚመስል ብዙ ጀማሪ የሚያዝበት እዚህ ነው። ፍቼ ጨምበላላ ደርሷል፣ ወይም የገብርኤል ንግሥ ነው፣ ከተማው ሞልቷል። አንድ ክፍል ቀርታለች። ሁለት ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያንኑ ክፍል ይይዛል። ሦስተኛው እንግዳ በር ላይ መጥቶ ቁልፉን ከእንግዳ ተቀባይዋ ወስዷል፤ ሲስተሙ ግን አያውቅም። አንዱ ደግሞ ከፍሎ ይቀራል፣ ብሬ ይመለስ ይላል። ይሄ ሁሉ ኮድ ነው። ከኮዱም በላይ እንግዳ ተቀባይዋ በእያንዳንዱ አልጋ ሲስተሙን መንካት አለባት። አትነካውም።

በምትኩ ይህን አቅርቡ፦ «እንግዳው ቀኑንና ስልኩን ይሞላል፣ መልእክቱ ለእርስዎ በቴሌግራም ይመጣል፣ ደውለው ያረጋግጣሉ።» ባለቤቱ የጠየቁትን አገኙ፤ እናንተም የምትጨርሱትን ሥራ ያዛችሁ። አንድ ቴክኒካዊ ማሳሰቢያ፦ የቴሌግራም ቦቱን (መልእክቱን የሚያደርሰውን ፕሮግራም) ቶክን፣ ማለትም ሚስጥራዊ ቁልፉን፣ ገጹ ላይ ባለው ጃቫስክሪፕት ውስጥ አታስቀምጡ። ገጹን የከፈተ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ቦቱንም እንደፈለገ ያዘዋል። ትንሽ የሰርቨር ኮድ በመሀል ይግባ። ይህን ገና ካልቻላችሁ የዋትስአፕ ሊንክ ይበቃል፤ ሊንኩ ላይ ቁጥሩ ከ0 ሳይሆን ከ251 ይጀምራል።

ክፍያ የግድ ከሆነ በቻፓ ወይም በመሰል የኦንላይን ክፍያ አገልግሎት ይሠራል። አካውንቱ ግን በባለቤቱ ንግድ ፈቃድና በባለቤቱ ባንክ ይከፈት። የእንግዶች ብር በእናንተ አካውንት አንድ ቀን እንኳ አይለፍ።

5. እሺ ከማለታችሁ በፊት ትንሽ ነገር ጠይቁ

ሦስት ፎቶና አንድ አንቀጽ ጽሑፍ። «እስከ ዓርብ ይላኩልኝና ዋጋውን እነግርዎታለሁ» በሉ። እስከ ዓርብ ከላኩ፣ ሥራው ይቀናል። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ነገ እልክልሃለሁ» ከሆነ ግን ቀሪው ሁሉ እንደዚያው ነው።

የመጣውንም እዩት። ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ይላክ በሉ። ጽሑፉ በቆየ፣ ዩኒኮድ ባልሆነ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ገጹ ላይ ሲለጠፍ ፊደሉ ተበላሽቶ ይወጣል። እንደገና መጻፍ ሊኖርባችሁ ነው፤ ሰዓቱን ዋጋው ውስጥ አስገቡ። ብሮሹር ፎቶ አንስተው የሚልኩም አሉ።

ሐዋሳ ውስጥ የሦስት ቋንቋ ጥያቄ ይመጣል። ሲዳምኛ በላቲን ነው የሚጻፈው፣ አማርኛው በግዕዝ ፊደል፤ ሁለቱም አብረው እንዲያምሩ ፎንት መምረጥ አለባችሁ። ለአማርኛው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል። ትርጉሙ ግን የእናንተ ሥራ አይደለም። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ተርጉሞ ይስጣችሁ፤ ጉግል ተርጉሞት ፔንሲዮኑ መሳቂያ እንዳይሆን።

6. ዋጋውን በሰዓት አስሉ፣ ቀብድ ተቀበሉ

ሌላው ስንት እንደጠየቀ ከመስማት በፊት የእናንተን ሰዓት ቁጠሩ። ለምሳሌ ገጾቹን መሥራት 20 ሰዓት፣ ጽሑፍና ፎቶ ማስተካከል 8፣ እርማት 6፣ ዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ) እና ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር) 3፣ መመላለስ 3። ድምሩ 40 ሰዓት ነው። ሰዓታችሁን በ300 ብር ብታስቡት 12,000 ብር ይሆናል። 300ው ለስሌት ያህል ነው፤ የእናንተን አስገቡ። ከዚያ ሲሶውን ጨምሩበት፤ መብራት ይጠፋል፣ የማታውቁት ስህተት ይወጣል። የደረሳችሁበት ዋጋ ከአሠሪው አቅም በላይ ከሆነ ዋጋ ከመቀነስ ገጽ ቀንሱ።

ዶሜይንና ሆስቲንግ ለብቻው ይቆጠር። የዶትኮም ዶሜይን ከውጭ ሲገዛ በዶላር ካርድ ነው፤ ካርዱ ከሌላችሁ በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ድርጅቶች አሉ። ዶት ኢቲ ከኢትዮ ቴሌኮም ይገኛል። በነፃ ልጫነው ካላችሁ ሕጉን አንብቡ፦ ድረ ገጽ የሚጫንበት የቨርሰል ነፃው ዕቅድ ለምሳሌ ለንግድ ሥራ አይፈቅድም። በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ እንዳለም ከመጀመሪያው ተናገሩ። ባለቤቱ ይህን ሳያውቁ ዓመቱ ሞልቶ ድረ ገጹ ቢጠፋ የሚደውሉት ለእናንተ ነው።

ክፍያውን በሦስት ክፈሉት። 40 በመቶ ቀብድ፣ 30 በመቶ ረቂቁ ሲታይ፣ 30 በመቶ ከርክክብ በፊት። ቀብድ መጠየቅ ያሳፍራል የሚሉ አሉ። ልብስ ሰፊም፣ እንጨት ሥራ ቤትም ቀብድ ሳይዝ አይጀምርም። ቀብድ የማይሰጥ ሰው ስለሥራው ገና አልወሰነም፤ ሲወስን ይመጣል።

ለዘመድ በነፃ ከሠራችሁም ወሰን ይኑረው። «ሦስት ገጽ፣ አንድ ጊዜ እርማት» ብላችሁ ጀምሩ። ወሰን የሌለው የነፃ ሥራ ከሚከፈልበት ይበልጣል፤ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ባነር ቀይርልኝ ይባላል።

7. ሳታስቡ እምቢ የምትሏቸው

«ሲያተርፍ እንካፈላለን» የሚል። አትራፊነቱ የታመነ ቢሆን ከፍሎ ያሠራ ነበር።

የአፕወርክ አካውንታችሁን የሚከራይ። አካውንቱ ይዘጋል፣ በስማችሁ የተሠራው ሁሉ በእናንተ ይቀራል።

ሥራ ለማግኘት አስቀድማችሁ ክፈሉ የሚል። የመመዝገቢያ፣ የሥልጠና፣ የማስያዣ፤ ስሙ ምንም ይሁን።

የባንክ ወይም የቴሌብር መግቢያ ገጽ አስመስለህ ሥራልኝ የሚል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁት፤ የሰው የይለፍ ቃል ሊሰርቅበት ነው።

«ለፈተና» ብሎ የኮድ ፕሮጀክት ልኮ በኮምፒውተራችሁ አስነሱት የሚል የማታውቁት አሠሪ። ይህ በዓለም ዙሪያ ዴቨሎፐሮችን እያጠመደ ያለ ማታለያ ነው። ፕሮጀክቱን ስታስነሱ ውስጡ የተደበቀው ኮድ የይለፍ ቃሎቻችሁን ይለቅማል። ማንነቱን ያላረጋገጣችሁት ሰው የላከውን ኮድ ላፕቶፓችሁ ላይ አታስኪዱ።

የታካሚ ወይም የተማሪ መረጃ የሚይዝ ሲስተምም ለመጀመሪያ ሥራ አይሁን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ መረጃው ሾልኮ ቢወጣ ጣጣው ቀላል አይደለም። ሁለት ሦስት ሥራ ከሠራችሁ በኋላ ልምድ ካለው ሰው ጋር ትገቡበታላችሁ።

8. ያወራችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉት

ጠበቃ አያስፈልግም። በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ። ስንት ገጽ እንደሚሠራ፣ ጽሑፍና ፎቶ ማን መቼ እንደሚሰጥ፣ ስንት ጊዜ እርማት እንዳለ፣ ክፍያው እንዴት እንደሚከፈል። የሚከተለውን መስመር አትርሱ፦ «ከዚህ ዝርዝር ውጭ የሚጨመር ሥራ በተጨማሪ ክፍያ ይሠራል።» ሌላ መስመር ደግሞ፦ «ጽሑፍና ፎቶ በዘገየበት ቀን ልክ ማስረከቢያው ይራዘማል።»

ዶሜይኑ በባለቤቱ ስምና በባለቤቱ ኢሜይል ይመዝገብ። በእናንተ ስም ከሆነ የእሳቸው ንግድ በእናንተ ስልክ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው፤ ስትጣሉም ስትፋቀሩም ችግር ነው። ለድርጅት የምትሠሩ ከሆነ ቲንና ደረሰኝ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

ቃል በቃል የተጻፈ ወረቀት ማስፈረም የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ ትልቅ ሰው ፊት ወረቀት ማውጣት እንደ አለማመን ስለሚታይ፣ ያንኑ ጽሑፍ በቴሌግራም ላኩና «ጋሼ፣ የተነጋገርነው ይሄ ነው፣ የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ» በሉ። «እሺ ልጄ» የሚል መልስ ከመጣ ይበቃችኋል። መልሱን አታጥፉት።

9. እምቢ ስትሉ በር አትዝጉ

ሐዋሳ ትንሽ ናት። ዛሬ እምቢ ያላችሁት ሰው ነገ ፒያሳ ታገኙታላችሁ፤ የሚያውቀውም ሰው ብዙ ነው። ዝም ብሎ መጥፋት፣ ስልክ አለማንሳት የከተማችን ሕመም ሆኗል። ይህን የመሰለ መልእክት ይበቃል፦

«ጋሼ፣ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። ሥራውን አየሁት። የክፍያ ሲስተሙ ከእኔ ልምድ በላይ ነው፣ አበላሽቼ ላስቀይምዎ አልፈልግም። ማስተዋወቂያ ገጹን ብቻ ከፈለጉ በሁለት ሳምንት እሠራልዎታለሁ። ለሙሉው የሚሆን ሰው ካገኘሁ ቁጥሩን እልክልዎታለሁ።»

ሰው ካገኛችሁም እውነት ላኩለት። ያ የላካችሁለት ሰው ከአቅሙ በታች የሆነች ትንሽ ሥራ ሲመጣለት ወደ እናንተ ይመልሳታል፤ ልምድ ያለው ዴቨሎፐር የሦስት ገጽ ሥራ አይፈልግም።